ሰባ ሁለቱ በተመለሱ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ በእግዚአብሔር ፈቃድ የምንነጋገረው ከቤታቸው ወጥተው፥ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሩቅ አገር ዘልቀው፥ የቻሉትን ያህል አገልግለው ስለሚመለሱ ወጣት ክርስቲያኖች ነው። ስለ መሄዳቸው ብዙ ጊዜ ተሰብኳል፤ እኛ ግን ዛሬ ይልቁን ስለ መመለሳቸው እንናገራለን።

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በ10ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፥ ጌታችን ሰባ ሁለቱን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ፥ እርሱ ራሱ ሊሄድበት ወዳለው ከተማና መንደር ሁሉ አስቀድሞ ላካቸው። የገንዘብ ከረጢትም፥ ስልቻም፥ ጫማም እንዳይዙ አዘዛቸው። በገቡበት ቤት መጀመሪያ ሰላምን እንዲናገሩ፥ የቀረበላቸውን እንዲበሉ፥ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ ነገራቸው። እነርሱም ሄዱ፤ አገለገሉ፤ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። አጋንንት እንኳ በስሙ እንደ ተገዙላቸው ለጌታ ተናገሩ። ጌታችንም ደስታቸውን አልነቀፈውም፤ ነገር ግን ካኖሩት ቦታ አንሥቶ በሌላ ቦታ አኖረው። አጋንንት ስለ ተገዙላቸው ሳይሆን ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው አስተማራቸው።

እንግዲህ አስተውሉ! የሰባ ሁለቱ ጉዞ አጭር ነበረ። በሄዱበት መንደር ቤት አልሠሩም፤ ርስት አልተከሉም። ነገር ግን አጭርነቱ ነውር አልሆነባቸውም። ስለ ምን? ከኋላቸው ጌታ ይመጣ ነበርና። አጭር ጉዞ የሚቀናው ከኋላው የሚመጣ ሲኖር ነው። የሚመጣ ከሌለ ግን ያ ጉዞ በደረቅ መሬት ላይ እንደ ወረደ የአንድ ቀን ዝናብ ነው፤ ዘሩን አብቅሎ ፀሐይ እንዲያደርቀው ትቶት ያልፋል።

በዘመናችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፥ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም፥ ሌሎችም ማኅበራት የትምህርት ዕረፍት በሆነ ጊዜ ገንዘብ አዋጥተው፥ ካህናትን ይዘው፥ መምህራንን አስከትለው ወደ ጠረፍ ይወጣሉ። ወደ ጋምቤላ፥ ወደ ኦሞ፥ ወደ መተከል የሄዱ ጥቂቶች አይደሉም። ከአገር ውጭ የሚኖሩ ልጆቻችንም በሰው አገር እንዲሁ ከከተማ ወደ ከተማ ይመላለሳሉ። ይህ ሁሉ እግዚአብሔርን የሚያስመሰግን ነው። ወጣት በዕረፍቱ ጊዜ የሚያርፍበት ስፍራ ብዙ ሳለ የድካምን መንገድ መምረጡ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በማገለግልበት በእንጦጦ ተራራ፥ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ፥ በተለይ በቅዳሜና በእሑድ ብዙ ወጣቶች ይወጣሉ። ከእነርሱም አንዱ፥ ከተራራው በታች ባለ አንድ ሰፈር ያደገ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፥ አንድ ቀን ማለዳ ወደ እኔ መጣ። የነገረኝ ለምክር እንጂ ለኑዛዜ አልነበረም፤ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን እንድናገረውም ፈቅዶልኛል።

ይህ ወጣት ከጓደኞቹ ጋራ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ጋምቤላ፥ በባሮ ወንዝ አካባቢ ወዳለች መንደር ሄዶ ሦስት ሳምንት አገልግሎ ነበር። ሙቀቱን ታገሡ፤ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ልጆችን ሰብስበው መዝሙር አስተማሩ፤ አብረዋቸው የሄዱት ካህናትም አስተምረው አጠመቁ። በተመለሱም ጊዜ ሕዝቡ በአዳራሽ ተሰብስቦ ተቀበላቸው፤ ያነሡትን ሥዕል አሳዩ፤ እልልታም ሆነ።

«ታዲያ ልጄ፥ ምን አሳዘነህ?» አልሁት።

«አባቴ፥ መኪና ላይ ልንወጣ ስንል አንዲት አሮጊት መጡና በአስተርጓሚው አፍ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ‹እናንተ ልጆቹን አስጠመቃችኋቸው፤ ደግ ሠራችሁ። ከእንግዲህ ወዲያ ግን ማን ያቆርባቸዋል? እኛስ ስንሞት ማን ይፈታናል?› አሉኝ። ካህን ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። እኔም የምመልሰው ባጣ ጊዜ ‹እንመለሳለን› አልኋቸው። እንደማንመለስ ግን በልቤ አውቅ ነበር። በአዳራሹ ሁሉም ሲያመሰግነን የሚሰማኝ የእርሳቸው ድምፅ ነበር።»

ወገኖቼ ሆይ! እኔም በዚያ ሰዓት የምመልስለት አልነበረኝም። ዝም ብለን በባሕር ዛፉ መካከል ጥቂት ሄድን። ከፊታችን አንዲት ሴት የዕንጨትና የቅጠል ሸክም ተሸክማ፥ ጀርባዋ ከመሬት ሊገናኝ ምንም ያህል ሳይቀረው ትወርድ ነበር። እንደዚህ ያሉትን እናቶች በእንጦጦ ዳገት ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸክሟን በድንጋይ ላይ አስደግፋ «አባቴ ይባርኩኝ» አለችኝ። መስቀል አሳለምኋት። ወጣቱም «እናቴ፥ አጥቢያዎ የት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

እርስዋም ከገጠር ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ሆናት፥ ማለዳ በጨለማ ወደ ተራራው ስትወጣ የማርያምን ደወል እንደምትሰማ፥ ነገር ግን ወደ ቅጥሩ እንደማትገባ ነገረችው። «በዚህ ልብሴ እንዴት እገባለሁ ልጄ? ደግሞስ እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ? ከዱር ጠባቂው በቀር ወዴት ነሽ ያለኝ ሰው የለም» አለችው።

ይህ ወጣት በዚያ መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ተመላልሶበታል። እንደ እርስዋ ያሉትንም መንገድ እየለቀቀ ብዙ ጊዜ አሳልፏል። ያን ዕለት ግን ቆሞ አለቀሰ።

ከእናንተ መካከል «እንግዲያስ ወደ ሩቅ ባይሄድ ይሻለው ነበር፤ ችግረኛው በደጁ ሳለ ጋምቤላ ምን አስኬደው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ አልልም። የባሮዋ አሮጊት ባትጠይቀው ኖሮ የእንጦጦዋን እናት አይጠይቃትም ነበር። ሩቅ አገር ሄዶ ዐይኑ ተከፈተለት፤ በተከፈተም ዐይን የደጁን አየ። የመሄድ አንዱ በረከት ይህ ነው። ይሁን እንጂ የአሮጊቲቱ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም፤ እርሱን ከእንግዲህ አብረን እንመልከተው።

በእንጦጦ ተራራ ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ታውቋታላችሁ። አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር፥ በ1882 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘውዱን የጫኑላቸው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ነበሩ። በ1874 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ተልከው መጡ፤ ከ40 ዓመት በላይ ከሕዝባችን ጋራ ኖረው፥ በ1919 ዓ.ም. በዚሁ በአገራችን ዐረፉ። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት የተሾሙት ገና በ1921 ዓ.ም. ነው፤ የራሳችንን ፓትርያርክም ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ ድረስ ዲያቆን የሚሾም፥ ቅስና የሚሰጥ ይታጣ ነበር። የመጣውም አባት ብዙ ጊዜ ቋንቋችንን ሳያውቅ በአስተርጓሚ ይናገር ነበር።

እንግዲህ ያቺ አሮጊት እኛው ነን! «ማን ያቆርበናል? ማን ይፈታናል?» እያልን የባሕሩን መንገድ ስንመለከት የኖርን ሕዝብ ነን። ይህን የረሳ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ወደ ጠረፍ ወገኑ እንደ ጌታ ይሄዳል፤ ይህን ያሰበ ግን እንደ ወንድም ይሄዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ ያበራልንን የአባ ሰላማን ነገር ደግሞ አስቡ። ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጣው ሊሰብክ አስቦ አልነበረም። በመርከብ ሲጓዝ ጓደኞቹ ተገደሉ፤ እርሱና ወንድሙ ኤዴስዮስ ገና ልጆች ሳሉ ወደ አክሱም ንጉሥ ቀረቡ። በቤተ መንግሥት አድገው አገለገሉ። በኋላም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ነጻነት አገኙ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ ፊት ቆመ፤ በአክሱም ክርስቲያኖች እንዳሉ፥ እረኛ ግን እንደሌላቸው አስረዳ። አትናቴዎስም ከእርሱ የተሻለ የሚላክ ሰው እንደሌለ አይቶ ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ መልሶም ላከው። ሕዝባችንም ከሣቴ ብርሃን፥ አባ ሰላማ ብሎ ጠራው።

ወጣቶች ሆይ! ከአገልግሎት የሚመለስ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ያየውን ለማውራት ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው የጎደለውን ለማስታወቅ ወደ አባቶች ደጅ የሚወስድ መንገድ ነው። እናንተ የፍሬምናጦስን መንገድ ያዙ። በአዳራሽ ሥዕል ከማሳየታችሁ በፊት ወደ ሀገረ ስብከቱ ቅረቡ። «በዚህ መንደር ይህን ያህል ተጠምቀዋል፤ ካህን የላቸውም፤ ቋንቋቸው ይህ ነው፤ መንገዱ በዚህ በኩል ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ስጡ። ደግሞም መልስ እስክታገኙ ደጅ ጥኑ። ደጅ መጥናት በቤተ ክርስቲያናችን ነውር አይደለም፤ ጸሎትም ራሱ ደጅ መጥናት ነውና።

ሁለተኛውን ነገር ከራሴ ልንገራችሁ። እኔ በልጅነቴ ቅኔ ለመማር ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ ወደ ጎጃም በሄድሁ ጊዜ ደበሎና አኩፋዳ ብቻ ነበረኝ። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ለምኜ እበላ ነበር። ውሻ አሳድዶኛል፤ ዝናብ ደብድቦኛል። ነገር ግን የዚያ አገር እናቶች ከጎደሎ ሞሰባቸው ቆርሰው አብልተውኛል። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ሳይጠይቁ «ተማሪዬ» ብለውኛል። ዛሬ ስለ እነርሱ በቅዳሴ ሳልጸልይ የምውልበት ቀን የለም፤ እንጀራቸውን በልቻለሁና።

ጌታችን ሰባ ሁለቱን ያለ ስንቅ የላከበትን ምክንያት እኔ የተረዳሁት በዚያ ነው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳም ባለ ቤቱን ያከብራል። መኪናውን ሞልቶ የሚሄድ ግን ሳያውቀው ሹም ይሆናል፤ ከላይ ሆኖ ይሰጣል፤ ከታች የሚቀበለውም እጁን እንጂ ልቡን አይዘረጋም። መድኀኒትና ልብስ አትውሰዱ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የሰጣችሁትን ያህል ተቀበሉ። ያቀረቡላችሁን ብሉ፤ ጾም ከሆነም በትሕትና አስረዷቸው። ከሽማግሌዎቻቸው እግር ሥር ተቀመጡ። ሰላምታቸውንና ጥቂት ቃላቸውን ተማሩ። ተስዓቱ ቅዱሳን ከሩቅ አገር በመጡ ጊዜ ግእዙን ተምረው መጻሕፍትን ተረጐሙልን እንጂ፥ እኛ የእነርሱን ቋንቋ እስክንማር አልጠበቁም። በማይገባው ቋንቋ መዝሙር የሚደግም ሕፃን ድምፁን ሰጣችሁ እንጂ ልቡን ገና አልሰጣችሁም።

ሦስተኛው ነገር ስለ ኀፍረት ነው። ከእናንተ መካከል ሄዶ ያልበረታ፥ ሙቀቱን ወይም በሽታውን ፈርቶ ከመንገድ የተመለሰ፥ ወይም እንደዚያ ልጅ «እንመለሳለን» ብሎ ያልተመለሰ ይኖራል። እርሱ የዮሐንስ ማርቆስን ታሪክ ያንብብ። ማርቆስ ወጣት ሳለ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋራ ወጣ፤ በጵንፍልያ ሲደርሱ ግን ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። በሁለተኛው ጉዞ በርናባስ ይዞት ሊሄድ ቢወድ ጳውሎስ እምቢ አለ፤ ስለ እርሱም ሁለቱ ሐዋርያት እስከ መለያየት ደረሱ (ሐዋ. 15፥37-39)። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ፥ ማርቆስ ለአገልግሎት ስለሚጠቅመው ይዞት እንዲመጣ ለጢሞቴዎስ ጻፈለት (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። ያ ከመንገድ የተመለሰው ወጣት ወንጌልን ጻፈ፤ የእስክንድርያም ቤተ ክርስቲያን በስሙ መንበረ ማርቆስ ተባለች። ጳጳሶቻችን የተላኩልን ከዚያ መንበር ነው። እንግዲህ የእኛ ክህነት ሥሩ አንድ ጊዜ ከመንገድ በተመለሰ ወጣት ላይ ነው። ተመልሶ መሄድ አለና ማንም ተስፋ አይቍረጥ!

ከባሕር ማዶም ምሳሌ አለን። በ1962 ዓ.ም. አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፥ በኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት፥ ወደ ጃማይካ ተላኩ። በዚያ ደሴት ኢትዮጵያን የሚወዱ፥ ንጉሡንም እንደ አምላክ የሚመለከቱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እርሳቸውም ፍቅራቸውን ሳያቃልሉ፥ እምነቱንም ሳያለዝቡ፥ አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን አስተማሩ፤ በሥላሴም ስም አጠመቁ። በሚገባቸው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ቀደሱላቸው። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ በምዕራቡ ዓለም በአገልግሎት ኖሩ። በጃማይካ ዛሬም ቤተ ክርስቲያናችን አለች፤ የዚያው አገር ተወላጆችም በውስጧ ያመሰግናሉ። ይህ የሆነው ተሻግሮ የሄደው አባት ዐይቶ ብቻ ስላልተመለሰ ነው።

ሁሉ እንደ እርሳቸው ዘመኑን ሙሉ ይሂድ አልልም። የትምህርት ወይም የሥራ ዕረፍቱ ሦስት ሳምንት የሆነ ሰው ሦስት ሳምንቱን ይስጥ። ነገር ግን አንዱ ሲመለስ ሌላው ይሂድ። ወደ አሥር መንደር አንድ አንድ ጊዜ ከመሄድ ወደ አንዲት መንደር አሥር ጊዜ መሄድ ይሻላል። ከዚያች መንደር አንድ ልጅ መርጣችሁ የአብነት ትምህርት እንዲማር፥ ዲያቆን፥ ኋላም ቄስ ሆኖ ለወገኑ እንዲመለስ ስንቁን ቻሉለት። ለዚያች አሮጊት እውነተኛው መልስ የራስዋ የልጅ ልጅ ክህነት ነው። ያን ጊዜ እናንተ ባትሄዱም ቅዳሴው አይቋረጥም።

እናንተም ወላጆችና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ! ልጆቹ በተመለሱ ቀን እልል ብላችሁ አትለያዩ። «ምን ጎደለ? ማን ቀረ? ከእንግዲህስ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ያለ ጥያቄ የሆነ እልልታ ወጣትን ለውዳሴ ከንቱ አሳልፎ ይሰጣል። ጌታችን ለሰባ ሁለቱ እንዳደረገው ደስታቸውን በስፍራው አኑሩላቸው።

ያ ወጣት ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። በዓመቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ወደዚያች መንደር ተመልሶ ሄደ። አሮጊቲቱን በሕይወት አገኛት። አስተርጓሚ የነበረው የመንደሩ ልጅ አሁን ፊደልና ዳዊት እየተማረ ነው፤ ማኅበሩም ስንቁን ይልክለታል። ገና ዲያቆን አልሆነም፤ መንገዱ ረጅም ነው። ወጣቱም በአዲስ አበባ ከሚማር አንድ የኑዌር ተወላጅ ቋንቋውን በየሳምንቱ ያጠናል። ያቺ የዕንጨት ተሸካሚ እናት ደግሞ እሑድ እሑድ በቅጥሩ አጠገብ ቆማ ታስቀድሳለች። ነጠላውን የሰጠቻት ጎረቤቷ ናት፤ ወጣቱ የሰጣት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይኸው ጥያቄ እስከ ቤተ ክርስቲያን አደረሳት።

እንግዲህ መከሩ ብዙ፥ ሠራተኛው ጥቂት መሆኑን የነገረን ጌታ፥ የመከሩን ባለቤት እንድንለምን አዞናል። እንለምነው። የሚሄዱትን በሰላም ይምራልን፤ የተመለሱትን ከመርሳት ይጠብቅልን፤ የጀመሩትንም ለፍጻሜ ያብቃልን። በጠረፍም፥ በባሕር ማዶም፥ በእንጦጦ ዳገት ሥርም እረኛ የሚጠብቁትን ሁሉ ያስብልን። የሁላችንንም ስም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር።